240 ቮልት ከገባ በኋላ፦ የአርቪዬን ኤሌክትሪክ ያስተካከልኩበት ማስታወሻ

ቀን 1

ካምፕ ደርሼ የአርቪዬን (በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤቴን) ስፒና ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ምሰሶ ላይ ሰካሁ፣ የምሰሶውን ብሬከር አነሳሁ። ሦስት ሰከንድ እንኳን አልሞላም። ከማይክሮዌቩ በኩል «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ከአልጋው ሥር፣ ኮንቨርተሩ ካለበት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት። ልብ በሉ፣ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በራሱ አልወረደም።

አርቪዬ ባለ 30 አምፔር ተጎታች ነው። የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። ስፒናው ሦስት እግር አለው፦ ፌዝ (ኃይሉን የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (የሚመልሰው) እና ኧርዝ (ለደኅንነት ከመሬት ጋር የተያያዘው)። ቴስተሬን አውጥቼ የምሰሶውን ሶኬት ለካሁ። ፌዝ ከኒውትራል 242 ቮልት። ፌዝ ከኧርዝ 121። ኒውትራል ከኧርዝ ደግሞ 121። ነገሩን የገለጠልኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ኒውትራል ከኧርዝ ጋር ሲለካ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። እዚህ ግን የኒውትራሉ ቀዳዳ ላይ የታሰረው ሌላ ፌዝ ነው።

ይህ ስህተት የተለመደ ነው። ሶኬቱን የሚያስረው ሰው ሦስት ቀዳዳና «30 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ሲያይ የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ይመስለዋል። ያኛው በ240 ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሁለት ፌዝ ያስገባበታል። ለቦታው ኃላፊ ቁጥሮቹን አሳየሁት። ሶኬቱን ዘጋና ኤሌክትሪሺያን ጠራ። የእኔ ዕቃ ግን ቀድሞ ተቃጥሏል።

መጀመሪያ ለክቼ ነበር መሰካት የነበረብኝ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ተናድጃለሁ።

ቀን 2

የደረሰውን ጉዳት ማየት። ባትሪውን አላቀቅኩና ኮንቨርተሩን አወጣሁ። ኮንቨርተር 120ውን ወደ 12 ቮልት ቀይሮ ባትሪውን የሚሞላ፣ መብራቱንና የውሃ ፓምፑን የሚያሠራ ዕቃ ነው። ክዳኑን ስከፍት የኃይሉ መግቢያ ላይ ያለችው ሰማያዊ ክብ ነገር፣ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ የምትከላከለው ቫሪስተር፣ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ዙሪያዋን ጥላሸት ለብሷል። ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መስመር የጥፍር ያህል ተነሥቷል። አጠገቧ ያለው የመስታወት ፊውዝ ውስጡ ጥቁር ሆኗል። ፊውዝ በትንሽ ጭነት ብዛት ሲበጠስ ሽቦው ብቻ ነው የሚቆረጠው። መስታወቱ ከጠቆረ ግን ሾርት ነበር ማለት ነው።

ማይክሮዌቩ ላይ የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ትንሿ ትራንስፎርመር ተቃጥላለች። በቴስተር ስለካት መስመሩ ተበጥሷል። (ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል። አሠራሩን የማያውቅ ሰው ባይከፍተው ይሻላል።)

የተረፉትም አሉ። ኤር ኮንዲሽነሩ ጠፍቶ ነበር። ፍሪጁ በጋዝ ላይ ነበር። ቲቪው የተሰካው ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ግፊት) መከላከያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ነው። ማከፋፈያው ሞቷል፣ ቲቪው ይሠራል። መጀመሪያ ማከፋፈያው አዳነው ብዬ አስቤ ነበር። በኋላ የቲቪውን ጀርባ ሳይ 100–240 ቮልት ይላል። ያዳነው የራሱ ፓወር ሰፕላይ ነው። የላፕቶፑ ቻርጀርም እንደዚያው።

ወጪ፦ አዲስ ኮንቨርተር፣ አዲስ ማይክሮዌቭ፣ ማከፋፈያ። ኮንቨርተሩን ለመጠገን ሞክሬ ነበር። ቫሪስተሩንና ፊውዙን ቀየርኩ፣ መስመሩን በሽቦ በየድኩት፤ ፊውዙ እንደገና ጠቆረ። ከውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮችም አብረው ሄደዋል። ሁለት ማታ ባከነ።

ቀን 4

ብሬከሩ ለምን እንዳልወረደ አልገባኝ ብሎ፣ ዕድሜውን በሙሉ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የቆዩ ትልቅ ሰው ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ሲቃጠል ብሬከሩ ለምን ዝም አለ?»

«ብሬከር የሚያየው ከረንት ነው ልጄ። ቮልቴጅ አያውቅም። የተሳበው ከ30 አምፔር እስካላለፈ ድረስ 120 ይግባ 240 ይግባ እሱን አይመለከተውም።»

«ሰርጅ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ነበረኝ እኮ።»

«እስኪ ክፈተውና እየው። ምን እንደሠራ ይነግርሃል።»

ከፈትኩት። ሦስት ቫሪስተሮች አሉት። በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለችው ከስላለች፣ ሁለቱ ደህና ናቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ።

ቫሪስተር ቮልቴጁ ልኩን እስካላለፈ ድረስ እንደሌለ ይቆጠራል። ሲያልፍ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ይከፈትና ትርፉን በራሱ ላይ ያሳልፋል። የተሠራው ለቅጽበት ነው። መብረቅ ሩቅ ሲወርድ፣ ትልቅ ሞተር ሲጠፋ፣ የኃይል መስመሩ ላይ ማብሪያ ሲቀያየር ለሚፈጠር ግፊት ነው። ያ ግፊት በማይክሮ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው። የእኔ 240 ግን ቅጽበት አይደለም። በሰከንድ 60 ዙር፣ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ቫሪስተሯን ይከፍታታል። ማከፋፈያው ላይ ከ1,000 ጁል በላይ ተጽፏል፤ ሲያዩት ትልቅ ቁጥር ነው። ግን አንድ ጁል ማለት አንድ ዋት ለአንድ ሰከንድ ነው። 500 ዋት ቢያልፍባት 1,000 ጁሉ በሁለት ሰከንድ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ትከስላለች።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጠላቶች አሉ። አንደኛው የቅጽበት ግፊት ነው፤ ለዚህ ቫሪስተር ይበቃል። ሁለተኛው የማይለቅ የቮልቴጅ ችግር ነው፦ መብዛት፣ ማነስ፣ የኒውትራል መበጠስ፣ የሽቦ መቀያየር፣ የኧርዝ አለመኖር። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ለክቶ «አላስገባም» የሚል ዕቃ ነው። በካምፕ ምሰሶ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ሳምንት 2

እንዲህ ተረድቼም ተሳሳትኩ። ያዘዝኩት ርካሹን ነው። ሲደርስ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ጁልና ስለ ሽቦ አመልካች መብራቶች ብቻ ነው የሚያወራው። ቮልቴጅ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ይቆርጣል የሚል የለም። አመልካቾቹ ችግር እንዳለ ያሳያሉ እንጂ ኃይሉን አያግዱም። መለስኩት። የመላኪያው ገንዘብ ቀረ።

ሁለተኛ ጊዜ የፈለግኩት ኢኤምኤስ (የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሥርዓት) የሚባለውን፣ ለክቶ የሚቆርጠውን ነው። ዋጋው ከርካሹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ሆኖም ከተቃጠሉብኝ ዕቃዎች ያንሳል። ውስጡ ትልቅ ኮንታክተር አለው፤ ሲዘጋ ኃይሉን የሚያሳልፍ፣ ሲከፈት የሚቆርጥ በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ነው። ስትሰካው ኃይሉን ወዲያው አያስገባም። በመጀመሪያ ቮልቴጁን፣ የፌዝና የኒውትራሉን አቀማመጥ፣ ኧርዙን ያያል። ሁሉም ደህና ከሆነ ነው ኮንታክተሩ የሚዘጋው። ከዚያም በኋላ መለካቱን አያቆምም። ከ104 ቮልት በታች ወይም ከ132 በላይ ሲሆን ይቆርጣል። ካቋረጠ በኋላ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል። ይህ ለኤር ኮንዲሽነሩ ኮምፕረሰር ነው። ወዲያው ቢነሳ ውስጡ ያለው ግፊት ገና ስላልወረደ ሞተሩ ተቆልፎ ከፍተኛ ከረንት ይስባል።

ምሰሶው ላይ የሚሰካና በውስጥ የሚታሰር አለ። የሚሰካው ረጅሙን ገመድም ይጠብቃል፣ መኪና ቢቀየርም ይዘኸው ትሄዳለህ። ነገር ግን ዝናብ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሌባም ይወስደዋል። የሚታሰረውን መረጥኩ። ዋናው ምክንያቴ ግን መርሳት ነው። ደክሞኝ ማታ የደረስኩ ቀን የሚሰካውን ከሳጥኑ ሳላወጣ እቀራለሁ ብዬ ሠጋሁ።

ሳምንት 3

የማሰር ሥራ። መሣሪያ፦ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ሽቦ ልጣጭ፣ ፒንሳ፣ የገመድ ማጥበቂያ አንገት ሁለት፣ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር። ከምሰሶ ነቅያለሁ፣ ባትሪውን አላቅቄያለሁ፣ ሽቦዎቹ ላይ ቮልቴጅ እንደሌለ በቴስተር አይቻለሁ።

ኢኤምኤሱ የሚገባው የውጪው ገመድ በሚገባበትና በዋናው ብሬከር ሳጥን መካከል ነው። ገመዱ ባለ 10 ጌጅ ነው (ጌጅ የሽቦ ውፍረት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)፣ ደረቅና ግትር። ከአልጋው ሥር ያለው ቦታ ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ስህተት፦ ሳጥኑን የት እንደማሳርፍ ሳልወስን ገመዱን ቆረጥኩ። አንድ ስንዝር አጠረኝ። ሳጥኑን ወደ ግድግዳው ማዛወር ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ድጋፍ የሚሆን ጣውላ አስገባሁ። ግማሽ ቀን።

ሁለተኛው ስህተት የከፋው ነው። አስሬ ጨረስኩ፣ ሁሉም ይሠራል፣ ደስ ብሎኛል። በማግስቱ 12 አምፔር የሚስብ ማሞቂያ ለኩሼ ግማሽ ሰዓት ካቆየሁ በኋላ ተርሚናሎቹን በቴርሞሜትር አየሁ። ኒውትራሉ 36 ዲግሪ። ፌዙ 61። ሁለቱም ላይ የሚያልፈው ከረንት አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ሊራራቁ አይገባም። አጥፍቼ፣ ነቅዬ ከፈትኩ። ፌዙን ስስበው ወጣ። ቪቴው የጨበጠው መዳቡን ሳይሆን የላስቲኩን ጫፍ ነው። አጥብቄዋለሁ ብዬ ነበር፤ እጄ የተሰማው የላስቲክ ጥብቀት ነው። መዳቡ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የነካው። እንደዚያ ብተወው ኤር ኮንዲሽነሩ በሚሠራበት ቀን እሳት ሊነሳ ይችል ነበር።

ሽቦውን አጠር አድርጌ ቆረጥኩ። ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ልክ ላጥኩ፣ አስገባሁ፣ አጠበቅኩ፣ በኃይል ሳብኩ። ሁሉንም ስድስቱን እንዲሁ ደገምኩ። ሌላ ግማሽ ሰዓት በማሞቂያ። ፌዙ 37 ዲግሪ።

ይህን ሥራ የምትሠሩ ሰዎች፣ ከታሰረ በኋላ ጭነት ጭናችሁ ሙቀቱን ለኩ። ዓይንም እጅም የማያገኘውን ያገኛል።

ሳምንት 4

ጄኔሬተር ላይ ሰካሁት። ኢኤምኤሱ «ኧርዝ የለም» ብሎ እምቢ አለ። አንድ ሙሉ ከሰዓት የጄኔሬተሩን ሶኬት ስፈትሽ ዋልኩ። ሶኬቱ ምንም የለውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በምሰሶ በሚመጣ ኃይል ኒውትራልና ኧርዝ ምንጩ ጋ፣ ዋናው የአገልግሎት ሳጥን ላይ ተያይዘዋል። ኢኤምኤሱ የሚፈልገው ይህን ነው። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ኢንቨርተር ጄኔሬተሮች ግን ኒውትራላቸው ከኧርዙ ጋር አልተያያዘም። መፍትሔው ትንሽ ስፒና ናት። በውስጧ ኒውትራሉና ኧርዙ ተያይዘዋል፤ በጄኔሬተሩ ሌላኛው ባዶ ሶኬት ላይ ትሰካለች። ሰካኋት፣ ተቀበለ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህች ስፒና ለጄኔሬተር ብቻ ናት። ምሰሶ ላይ አትሰካም። በአርቪው ብሬከር ሳጥን ውስጥም ኒውትራልና ኧርዝ አይያያዙም። ከተያያዙ የኒውትራሉ ከረንት በተሽከርካሪው ብረት ላይ ይመለሳል። ኒውትራሉና ኧርዙ አንድ ቀን ከተበጠሱ በሩን የነካ ሰው ይያዛል። ስፒናዋን ቀይ ቀብቼ በጄኔሬተሩ እጀታ ላይ በሲባጎ አሰርኳት፤ ከዚያ ውጪ የትም እንዳትሄድ።

ሳምንት 6

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ፣ ሙቀት። ጠዋት 118 ቮልት። ከሰዓት ሁሉም ኤር ኮንዲሽነሩን ሲከፍት 111። የእኔ ሲነሳ 105። ትንሽ ቆይቶ 103 ሆነና ኢኤምኤሱ ቆረጠ። በሁለት ደቂቃው ተመለሰ፣ እንደገና ቆረጠ። ቤተሰብ በሙቀት እየተንገበገበ ነው፤ ኢኤምኤሱ ሳይቆርጥ ኃይሉን የሚያሳልፈውን ማለፊያ ቁልፍ ልጫነው ወይ አልኩ። አልተጫንኩትም። ቮልቴጅ ሲያንስ ሞተር አይዝናናም። ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃል፣ የሽቦው ሽፋን ቀስ በቀስ ይቃጠላል። የዚያን ቀን አይሞትም፤ ከወራት በኋላ ነው የሚሞተው። ያኔ ምክንያቱን ማንም አያስታውስም።

ጥፋቱን ሁሉ ምሰሶው ላይ መጣል ቀላል ነበር። ግን ምሰሶው ላይ ስለካ 110 አለ፣ ውስጥ 104። ስድስት ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። የማራዘሚያ ገመዴን ጠረጠርኩ። ባለ 12 ጌጅ፣ 15 ሜትር ነው። ለ30 አምፔር መስመር ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው። ሒሳቡን ሠራሁ። ባለ 12 ጌጅ መዳብ በኪሎሜትር 5.2 ኦም ገደማ አለው። ሄዶ መመለሱ 30 ሜትር፣ ማለትም 0.156 ኦም። በ20 አምፔር ሦስት ቮልት። በ10 ጌጅ ቢሆን ሁለት። የአንድ ቮልት ልዩነት ነው። ገመዱን መቀየር አለብኝ፤ ግን ስድስቱን ብቻውን አይገልጽም።

ስፒናውን ነቅዬ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። አንደኛው እግር ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ጫፉ ላይ እንደ ብጉር የተቦረቦሩ ነጥቦች አሉ። ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ትንሽ ቀልጦ ጠርዙን አጥቷል። በጭነት ላይ እያለ የመጋጠሚያውን ልዩነት ስለካ 2.4 ቮልት። በ20 አምፔር ሲባዛ 48 ዋት ነው። 48 ዋት ሙቀት፣ የአውራ ጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ። ሶኬቶቹ ላይ የሚነሳው እሳት ከዚህ ነው የሚመጣው። ስፒናው የላላበት ቦታ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ብረቱ ይበልጥ ይላላል፣ ይበልጥ ይሞቃል።

የስፒናውን ራስ ቆርጬ አዲስ አሰርኩ፤ ማራዘሚያውንም በ10 ጌጅ ቀየርኩ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭነት፦ ምሰሶው 110፣ ውስጥ 107። ሙሉ ከሰዓት አልቆረጠም።

ቮልቴጁን በ10 በመቶ ከፍ የሚያደርግ አውቶትራንስፎርመር ግዛ ያለኝ ነበር። ይሠራል። ግን ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ቮልቴጁን ከፍ ለማድረግም ከምሰሶው ተጨማሪ ከረንት ይስባል። ለአሁን ትቼዋለሁ።

ሳምንት 7

አንድ ወዳጄ ባለ 50 አምፔር አርቪ አለው። ያንተን ካየሁ በኋላ የእኔም ያሳስበኛል አለኝ። የእሱ ስፒና አራት እግር ነው፦ ሁለት ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል፣ አንድ ኧርዝ። እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል 120፣ በመካከላቸው 240። ለእሱ የሚያስፈራው የኒውትራል መበጠስ ነው።

በወረቀት ሠራንለት። አንደኛው ፌዝ ላይ ማሞቂያ አለ እንበል፣ 10 ኦም። በሌላው ላይ ቀላል ጭነት፣ 40 ኦም። ኒውትራሉ ሲበጠስ ሁለቱ በ240 ላይ በተከታታይ ይሰለፋሉ። ማሞቂያው 48 ቮልት ያገኛል። ቀላሉ ጭነት 192። ቲቪ፣ ሞደም፣ የፍሪጅ ቦርድ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀላሉ ጎን ላይ ነው። አሁንም ብሬከር አይወርድም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ በሳምንቱ ኢኤምኤስ አዘዘ። የእሱን አብረን አሰርን፤ በዚህኛው ገመዱን የቆረጥነው ሳጥኑን ግድግዳው ላይ ካሰርን በኋላ ነው።

ሳምንት 9

ከእንግዲህ ስደርስ የማደርገው ይህ ነው፤ በመሰኪያው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በቋሚ ማርከር ጽፌዋለሁ። የምሰሶውን ብሬከር አውርድ። ሶኬቱን በዓይን እይ፤ የጠቆረ፣ የቀለጠ፣ የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ ቦታ ጠይቅ። ብሬከሩን አንስተህ ለካ፦ ፌዝ ከኒውትራል ከ114 እስከ 126፣ ፌዝ ከኧርዝ ያው፣ ኒውትራል ከኧርዝ ከ2 ቮልት በታች። አውርድ፣ ስካ፣ አንሳ። ከዚያ በእርሳስ ቅርፅ ያለውን ንክኪ የለሽ ቴስተር ወደ አርቪው ብረት አስጠጋ። ከጮኸ ብሬከሩን አውርድ እንጂ በሩን አትንካ።

መብረቅ ሲቀርብ ግን ኢኤምኤሱንም አላምንም። ብሬከሩን አውርጄ ከምሰሶው እነቅላለሁ። ቅርብ ለወረደ መብረቅ የሚበቃ ቫሪስተር የለም። ነጎድጓዱ ከተሰማ ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ያኔ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ስፒና መንቀል ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ የአየር ትንበያውን ቀደም ብዬ አያለሁ።

የቀረኝ የ12 ቮልቱ በኩል ነው። የሊቲየም ባትሪ ልገዛ አስቤያለሁ። መኪናው እየሄደ በሞተሩ ኦልተርኔተር (የመኪናው ኤሌክትሪክ ማመንጫ) ሲሞላ የባትሪው ቢኤምኤስ (በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ) ድንገት ከቆረጠ፣ ኦልተርኔተሩ ያመነጨው ከረንት መሄጃ ያጣና ቮልቴጁ ይዘላል። የኦልተርኔተሩን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ከባትሪው በፊት ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (በኦልተርኔተሩና በባትሪው መካከል የሚገባ ቻርጀር) ነው የሚገዛው። ገንዘቡ እስኪሞላ አሮጌው ባትሪ ይሠራል።

ትናንት ማታ አዲስ ቦታ ደረስኩ። ለካሁ፦ 119፣ 119፣ 0.4። ሰካሁ። ስክሪኑ ሁለት ደቂቃውን ቆጠረ፣ ኮንታክተሩ «ቀጭ» አለ፣ የማይክሮዌቩ ሰዓት በራ።